የደንብ ልብስና የግል ድምፅ፦ ከጉለሌ የሚታይ የተማሪ መብት ታሪክ

መግቢያ

ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ እግረኛ፣ ሳያስበው የዘመናዊ ትምህርታችንን ታሪክ አብሮ ይወርዳል። በስተምዕራብ፣ በፓስተር በኩል፣ የጀኔራል ዊንጌትና የመድኃኔ ዓለም ትምህርት ቤቶች አሉ። ወደ ስድስት ኪሎ ሲጠጋ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ግቢ ያገኛል። ከአደባባዩ አጠገብ ደግሞ ለሴቶች ልጆች ተቋቁሞ የነበረው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት፣ ኋላ የካቲት 12 የተባለው፣ ይገኛል። ከነዚህ ሁሉ መካከል የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቆሟል። ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ሰጥተውት፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀበት ግቢ ይኸው ነው።

ጉለሌ ግን የትምህርት ቤቶች ሰፈር ብቻ አይደለም። ስሙ ራሱ፣ ከተማዪቱ ከመቆርቆሯ በፊት በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች የመጣ ነው። ሽሮ ሜዳና ዙሪያው ደግሞ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ይዘው የሰፈሩበት ነው። እኔም ተወልጄ ያደግሁት፣ ሁለተኛ ደረጃም የተማርሁት በዚሁ ሰፈር ነው። እንግዲህ የምናገረው ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከምመላለስበት መንገድም ጭምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ትምህርት ቤት ተማሪውን ከሌሎች ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚያስገድደው እስከ የት ድረስ ነው? ተማሪውስ «እኔ» ለማለት ያለው መብት ከየት ይጀምራል? ነገሩ ብዙ ጊዜ በመንግሥትና በተማሪ፣ ወይም በርእሰ መምህርና በተማሪ መካከል ያለ ክርክር ተደርጎ ይቀርባል። የእኔ አስተያየት ከዚህ ጥቂት ይለያል። በታሪካችን ተማሪውን አፍ ያስያዘው ከላይ የመጣው ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ከጎን የመጣው ሣቅ፣ ስድብና ጥቆማም ነው። ከላይ የሚመጣውን በድፍረት የተቃወመ ትውልድ፣ ከጎን የሚመጣውን ራሱ ሲፈጽመው አላስተዋለም። ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በዚሁ ጥፋት የእኔም እጅ አለበት፤ በቦታው እናገራለሁ።

የቅኔ ቤት፦ አንድ ልብስ፣ ብዙ ቃል

ስለ ተማሪ መብት ሲነሣ ነገሩን ከፈረንጅ አገር የመጣ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነው። በመሠረቱ ግን ጥያቄው በራሳችን የቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ የቆየ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከደጅ ደጅ እየለመነ ይማራል። ልብሱ ከጓደኛው ልብስ አይለይም። የኔታን ይታዘዛል፣ ያገለግላል፤ ካጠፋም ይገረፋል። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ከመምህሩ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መልሶ ማሰማት ይጠበቅበታል። እዚያ የራስን ቃል ማምጣት ስሕተት ነው።

ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ተማሪው ዱር ወርዶ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ወደ ጉባኤው ተመልሶ ለመምህሩ የሚያሰማው የራሱን መሆን አለበት። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ሌላው የተናገረውን መድገም ነውር ነው። ትናንት የዘረፈውን ዛሬ እንደ አዲስ ቢያመጣ እንኳ ይታፈርበታል። ደበሎው አንድ፣ ቃሉ ግን የየግል ነው። በሰምና በወርቅ ጥበብ ደግሞ በጌታ ፊት በግልጽ የማይባለውን ማለት ይቻላል። የኔታም የሚመዝነው የተማሪውን ጎንበስ ቀና ሳይሆን የምሥጢሩን ጥልቀት ነው።

ይህን ስል ቅኔ ቤት የነፃነት ገነት ነበረ ለማለት አይደለም። ሴቶች በአብዛኛው ከደጅ የቀሩበት ጉባኤ ነው። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ የቅኔ መምህርት ስማቸው የሚነሣው ብርቅ በመሆናቸው ጭምር ነው። ሆኖም ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር እናገኝበታለን። የውጭ ሥርዓት መኖሩ የውስጥ ድምፅን አያጠፋም። የሚያጠፋው፣ ሥርዓቱ ራሱ የትምህርቱ ግብ ሲሆን ነው።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት ሰልፍ

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ደወልና ሰልፍን፣ የክፍል አለቃንና የደንብ ልብስን ይዞ መጣ። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ጉለሌ ላይ የተቋቋመው የጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በብሪቲሽ ካውንስል ይመራ ነበር። የቆመውም በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አርአያ ነው። ተፈሪ መኰንን ደግሞ በካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራን እጅ ገባ። የ1943ቱ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም የተመሠረተው በዚያው ማኅበር አባል በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ነው። እነዚህ ሁሉ ተማሪውን በሥነ ሥርዓት አንፀው፣ በእንግሊዝኛ አስተምረው፣ ለመንግሥት ሥራ የሚበቃ ሰው ለማድረግ የተቋቋሙ ናቸው። ብዙ በጎ ነገር መሥራታቸውን መካድ አይቻልም። ይሁንና የቅኔ ቤቱን ልማድ፣ ማለትም «የራስህን አምጣ» የሚለውን፣ ከትምህርቱ ማእከል አወጡት። ለተማሪው የቀረበለት ትልቁ ሙያ በሚገባ መመለስ እንጂ መጠየቅ አልነበረም።

የራስን ቃል የማምጣት ልማድ የተመለሰው በሌላ በር፣ በግጥም በኩል ነው። በኮሌጅ ቀን በዓል ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሳይቀር የአማርኛ ግጥም ያቀርቡ ነበር። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ወዲህ የግጥሙ ቃና ተለወጠ። የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»፣ ኋላም በ1959 ዓ.ም. የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም» በዚህ ረገድ የሚጠቀሱ ናቸው። የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለሆንሁ ብቻ አይደለም ይህን የማነሣው። የተማሪው እንቅስቃሴ ፖለቲካ ከመሆኑ በፊት ድምፅ ነበረ፤ በራሪ ወረቀት ከመሆኑ በፊት ግጥም ነበረ። የመድረኩ መብት የተገኘውም አንድ ተማሪ ብቻውን ቆሞ ሌሎች ያላሉትን በማለቱ ነው።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም.

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። በ1958 ዓ.ም. ለማኞች ተሰብስበው የታጎሩበትን የሾላ ሰፈር ተቃውመው «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለዋል። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ሰላማዊ ሰልፍን የሚገድበውን አዋጅ ተቃውመዋል። እንግዲህ የመናገርና የመሰብሰብ መብት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ በስድስት ኪሎው ግቢ ራስ መኰንን አዳራሽ «ፋሽን ሾው» የተባለ የልብስ ትርኢት ተዘጋጀ። ዘመኑ የአጭር ቀሚስ፣ የሚኒ ስከርት ዘመን ነበር። ተቃዋሚዎቹ ተማሪዎች ትርኢቱን የባህል ወረራ ምልክት አድርገው አዩት። ሕዝቡ በተራበበትና በተራቆተበት አገር የባዕድ ልብስ እያሳዩ ማጨብጨብ ነውር ነው አሉ። ወደ አዳራሹ የሚገቡት ታዳሚዎች ተሰደቡ፣ ተንገላቱ፤ እንቁላል ተወረወረባቸው። ፖሊስ ደረሰ፤ ተማሪዎች ታሰሩ። ነገሩ ሰፍቶ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የተማሪ ማኅበራቱና ልሳኖቻቸው ታገዱ። የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ታላላቆቻቸውን ደግፈው ወጡ።

ለእነዚያ ወጣቶች ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል። ቁጣቸው ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ወሎ በ1958 ዓ.ም. በረሃብ ተጎድቶ ነበር። የባለጸጋው ቅንጦትና የገበሬው ችግር ጎን ለጎን ይታይ ነበር። በባህል በኩል የሚመጣ የበታችነት ስሜትም ተራ ፍርሃት አልነበረም። ጥያቄዬ ግን ቁጣው በማን ላይ ወረደ የሚለው ነው። በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የነበሩት ሴት ተማሪዎች በቁጥር ጥቂት ነበሩ። መሬቱን የያዙት እነሱ አይደሉም፤ አዋጁንም ያወጡት እነሱ አይደሉም። ይሁንና የአገር ክብር በቀሚሳቸው ርዝመት ተለካ። ሚኒስትሩ የሚለብሰው የእንግሊዝ ሱፍ፣ ሰልፈኛው ራሱ የለበሰው ሱሪና ኮት የባህል ወረራ አልተባለም። የባህል ወረራ የተባለው የሴቷ ልብስ ነው።

ከውጤቱ የምንማረው ከዚህ የበለጠ ነው። በአንድ ሰሞን ሁለት ነገር ተከለከለ፤ አንዱን ተማሪዎቹ ከለከሉ፣ ሌላውን መንግሥት ከለከለ። ተማሪዎቹ «ይህን አትልበሱ» አሉ፤ መንግሥት «ይህን አትጻፉ፣ በዚህ አትሰብሰቡ» አለ። ሁለቱም የተጠቀሙበት ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ስለ አገር ክብርና ስለ ሥርዓት ተናገሩ። የጓደኛን ልብስ ለማስወለቅ የተነሣው እጅ፣ የራስን ማኅበር ለሚዘጋው እጅ መንገድ ጠረገለት።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዴ ሞይን በተባለች ከተማ፣ የቪየትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ታግደው ነበር። አንደኛዋ ሜሪ ቤት ቲንከር የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በየካቲት 1961 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ለልጆቹ ፈረደ። የፍርዱ ፍሬ ነገር፣ ተማሪ በትምህርት ቤት በር ሲገባ መብቱን ከደጅ ጥሎ አይገባም የሚል ነው። ትምህርት ቤቱ ሐሳብን መከልከል የሚችለው ትምህርትን በእርግጥ የሚያውክ ሲሆን ነው እንጂ፣ ሌላውን ቅር ስላሰኘ ብቻ አይደለም ተባለ። ይህን የምጠቅሰው አሜሪካን አርአያ ለማድረግ አይደለም። «አወከ» በሚለውና «ቅር አሰኘ» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ግን ለእኛም ሚዛን ይሆነናል። የራስ መኰንን አዳራሽ ቀሚስ ማንን አወከ? ቅር ያሰኛቸው ግን ብዙ ነበሩ።

የአገር ልብስ የማን ነው?

ከ1960ው ግርግር በኋላ ሃያ ወር ባልሞላ ጊዜ፣ በዚያው ግቢ የልብስ ነገር በሌላ መልክ ተነሣ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች ልሳን ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ አወጣ። ከፖለቲካው ጭብጥ ጋር መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል፤ ያንን ለሌሎች እተዋለሁ። ለእኛ ጉዳይ የሚፈለገው፣ ኢትዮጵያዊ ለመባል የአንድ ወገን ቋንቋና ልማድ፣ ሸማውም ጭምር፣ እንደ ጭምብል መደረግ አለበት ወይ ብሎ መጠየቁ ነው። በ1960 ዓ.ም. «የአገር ልብስ» ተብሎ ከሚኒ ስከርቱ የተነጻጸረው ነጭ ሸማ፣ አሁን ራሱ ጥያቄ ውስጥ ገባ።

በወሩ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት፣ የተማሪው ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አጠገብ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ለለቅሶ ከተሰበሰቡት ተማሪዎችም በግቢው ውስጥ የሞቱ አሉ። ከዚያ ወዲህ በስድስት ኪሎ የሚቀርብ ጥያቄ ሁሉ የሞት ጥላ ያረፈበት ሆነ። የጎን ጉዳዮች፣ የሴቷ ቀሚስም የሸማኔው ክብርም፣ «ከድል በኋላ» ለሚባል ቀን ተቀጠሩ።

ሸማኔውን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ተማሪው የአገር ልብስ ይከበር ብሎ ሲጮህ፣ የአገሩን ልብስ የሚሠራው ሰው ከግቢው በላይ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ተቀምጦ ነበር። ሥራው ይለበሳል፣ ሠሪው ግን ይናቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ግን አዋጁን ተሻግሮ በየሰፈሩና በየክፍሉ ኖሯል። የሸማኔ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አነጋገሩ ይሣቅበታል። ስሙን የለወጠም ብዙ ነው።

የካኪ ዘመን

ለውጡ መጥቶ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ወረዱ። ብዙዎቹ መሬት ላራሹ ሲሉ የኖሩት ነበሩና በፈቃዳቸው የሄዱ አሉ፤ ሳይወዱ የሄዱም አሉ። ካኪው ግን ሁሉንም አንድ አስመሰላቸው። ከዚያ በኋላ የመጣውን የምናውቀው ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተገደሉት ወጣቶች፣ በቀይ ሽብር የጠፉት ተማሪዎች፣ የዚህ ሰፈር እናቶች እስከ ዛሬ የሚያነቧቸው ልጆች ናቸው።

በዚያን ጊዜ ከጎን የሚመጣው ጥቆማ ከላይ ከሚመጣው ትእዛዝ ጋር ፍጹም ተጋጠመ። ስም ዝርዝር የሚጽፈው የቀበሌው ሰው ብቻ አልነበረም፤ አብሮ አደግም ነበር። በ1960 ዓ.ም. እንቁላል የወረወረው ሁሉ በ1969 ዓ.ም. ለጠፋው ሕይወት ተጠያቂ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ግፍ ይሆናል። እንደ እኛ የማይለብስ፣ እንደ እኛ የማይናገር ሰው ጠላት ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን በአንድ ቀን አልበቀለም።

የእኔ ደብተር

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ1988 ዓ.ም. በጉለሌ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የክፍላችንም አለቃ ነበርሁ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ዩኒት ሊደሩ መቀስ ይዞ በሰልፉ መካከል ያልፋል። ፀጉሩ የረዘመ ወንድ ከመሐል አናቱ ላይ ይቆረጥና እንዲያ ተዥጎርጉሮ ይውላል። እኔ ይህን የሚነቅፍ ግጥም ጻፍሁ። በሚኒ ሚዲያ እንዲነበብ አስገብቼው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ተመለሰልኝ። እጅግ ተበሳጨሁ። መናገር ተከለከልሁ ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ፤ ራሴንም ከእነዚያ የስድስት ኪሎ ገጣሚዎች ቆጠርሁ።

በዚያው ሳምንት፣ የክፍላችን ልጅ የሆነ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ፣ ከደንብ ሹራቡ ላይ ከዱንጉዛ የተሠራ የአንገት ልብስ ጣል አድርጎ መጣ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ነበር። ማታ ማታ ከአባቱ ጋር ይሠራ ስለነበር ብዙ ጊዜ አርፍዶ ይመጣል፤ ክፍል ውስጥም አይናገርም። ያን ቀን ግን ቀና ብሎ ገባ። አንድ ሁለቱ ሣቁ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። መምህሩ ገና አልገባም ነበር። ጻፍ ያለኝ ማንም የለም። እኔ ደብተሬን አውጥቼ «ከደንብ ልብስ ውጭ» ብዬ ስሙን ጻፍሁ።

ዩኒት ሊደሩ በጠጠር ላይ አንበረከከው፤ ሦስት ጎማም መታው። የአንገት ልብሱ ተወሰደ። በኋላ እንደ ሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ጀምሮ የጨረሰው ሥራ እሱ ነበር። በቅኔ ቤት ቋንቋ፣ የመጀመሪያ ጉባኤ ቃናውን ይዞ መምጣቱ ነበር። በቀጣዩ መንፈቅ ወደ ማታ ክፍል ተዛወረ። የእኔ ግጥም ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አንዳንዴ አነበዋለሁ። ስለ ነፃነት ይናገራል።

በ2009 ዓ.ም. ለእኅቴ ሠርግ ጥበብ ቀሚስ ልናሠራ ሽሮ ሜዳ ሄደን ሳለ ከአንድ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። «አንተ፣ ያ አለቃ!» አለኝ። ቡና አስመጣልን። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ስፈልግ እሱ ቀድሞኝ ሣቀና ከመደርደሪያው የልጅ ልክ ዱንጉዛ አወረደ። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ለኅዳር 29፣ ለብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ ተማሪው ሁሉ «የብሔሩን ልብስ» ለብሶ እንዲመጣ አዝዞ ነበርና ለልጁ ያዘጋጀው ነው። ልጁ ግን አልለብስም ብሎ አስቸግሮታል። «ያኔ አውልቅ አላችሁኝ፤ አሁን ልጄን ልበስ ትሉታላችሁ። መቼ ነው የምትጠይቁት?» አለኝ።

እስከ ዛሬ ካነበብኋቸው ጽሑፎች ሁሉ ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ ያስቀመጠልኝ የለም። ማስወለቁም ማስለበሱም ያው ነው፤ ሁለቱም ልጁን ሳይጠይቁ የሚደረጉ ናቸው።

ማጠቃለያ

በሕግ በኩል ካየነው ብዙ ርቀት ተሄዷል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። ስምምነቱ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ፣ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓትም ሰብአዊ ክብሩን የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብትን ደንግጓል። የእኔ የክፍል ጓደኛ በጠጠር ላይ የተንበረከከው ይህ አንቀጽ ከጸደቀ በኋላ ነው። ሕግ መኖሩና ሕግ በግቢ ውስጥ መግባቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ጥያቄው ያለፈ ታሪክም አይደለም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበራቸው እንዲከበር፣ የታገደው ጋዜጣቸው እንዲመለስ፣ የታጠቀ ፖሊስም ከግቢ እንዲወጣ ሲጠይቁ፣ ነገሩ ወደ ከተማው ተዛምቶ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ በመከልከላቸው የተነሣው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። ከ1960 እስከ 2017 ዓ.ም. የሴት ልጅ ልብስ፣ ሲያጥርም ሲሸፍንም፣ የሌሎች መከራከሪያ መሆኑ አላቆመም።

የደንብ ልብስን በጅምላ መንቀፍ ግን ዓላማዬ አይደለም። አንድ ዓይነት ልብስ የደሃውን ልጅ ከዕለት ዕለት ኀፍረት ያድነዋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነፃ ማደል መጀመሩ ብዙ ወላጅን አሳርፏል። የቆሎ ተማሪውም ደበሎ አንድ ዓይነት ነበር። ችግሩ ያለው ልብሱን ከምንጠይቀው እኩል ቃሉን አለመጠየቃችን ላይ ነው። ተሰልፎ የቆመውን ልጅ ፀጉሩን እናያለን፣ ጫማውን እናያለን፤ ምን እንደሚያስብ ግን ለማወቅ ጊዜ የለንም።

ስለዚህ በመምህርነቴ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት ደንብ ሲወጣ ተማሪዎች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በረቂቁ ላይ ይነጋገሩበት፤ ተጽፎ የሚነበብላቸው ብቻ አይሁን። ሁለተኛ፣ ቅጣት ትምህርትን በእርግጥ ላወከ ድርጊት እንጂ ቅር ላሰኘ መልክ አይዋል። ሦስተኛ፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የቅኔ ቤቱን ልማድ እንመልሰው፤ ተማሪው በሳምንት አንድ ቀን የሌላውን ያልደገመ፣ የራሱ የሆነ ነገር ያምጣ፤ የሚመዘነውም በዚያ ይሁን።

ለትምህርት ክፍላችን ደግሞ አንድ ሥራ አለ። የተማሪው እንቅስቃሴ ታሪክ በአመዛኙ በወንዶች ብዕር ተጽፏል። እንደ ሕይወት ተፈራ ያሉ ሴቶች የራሳቸውን ትዝታ በመጽሐፍ ማውጣታቸው መልካም ጅምር ነው። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ ከነበሩት ሴቶች መካከል ዛሬ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አያቶች አሉ። ዘመን ሳይቀድመን ቃላቸው ሊሰበሰብ ይገባል። ለተመራቂ ተማሪዎቻችን ከዚህ የተሻለ የጥናት ርእስ አላውቅም።

እኔ በክፍሌ የረባሽ ስም ማስጻፍ ከተውሁ ቆይቻለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የሸማኔውን ልጅ ታሪክ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «መምህር፣ እሱ ግን ታሪኩ እንዲነገር ፈቅዷል?» አለኝ። አልጠየቅሁትም ነበር። በማግሥቱ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ጠየቅሁት። ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፈው አለኝ። ይህንን የጻፍሁት በእሱ ፈቃድ ነው።